የወረቀቱ ኮርኒስና የቅሬው ሥጋት

መርሳ ላይ ለሰው ነፍስ የሚጨነቅ ቢፈለግ ከቅሬው፣ ከቀብር ዕድራችን፣ የሚቀድም የለም። የሞተውን በወግ በማዕረግ ሲቀብር ኖሮ፣ ዘንድሮ ደግሞ፣ ፈጣሪ ብድሩን ይክፈለውና፣ ያልሞተውንም ሊያድን ተነሣ።

የአብዱልሐሊም ሚስት ናጅዋ የወለደችው በሰኔ ሙቀት ነው። የቆርቆሮው ግለት ሕፃኑን በሽፍታ አለበሰው፤ ጡት አልይዝ አለ። አባት ቢጨንቀው ከወልድያ ተፈጭቶ እሳትና አይጥ የሚከላከል መድኃኒት የተቀላቀለበት ወረቀት በጆንያ አስመጣና በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ጠቀጠቀው። ቤቱ ቀዘቀዘ። ሕፃኑ ጠባ፣ ተኛ።

ቅሬው ግን እንቅልፍ አጣ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ዘረሰናይና ሸህ ኢስሐቅ ለምክክር መጡ።

«ልጄ፣ ወረቀት ይነዳል» አሉ ጋሽ ዘረሰናይ።

«መድኃኒት አለው ጋሼ። ክብሪት ጭሬበት አልያዘም።»

«ዛሬ አልያዘም። እሳት ቀን ይመርጣል።»

«አይጥስ?» አሉ ሸህ ኢስሐቅ።

«መድኃኒቱን አትደፍረውም አሉኝ፣ ሸሁ።»

«የመርሳን አይጥ አታውቃትማ። መርዝ ቀምሳ የምትወፍር ናት።»

«ዝናብ ቢገባበትስ?» አሉ ጋሽ ዘረሰናይ በተራቸው።

«የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኛለሁ።»

«እሱን ክረምቱ ይናገራል።»

ጉዳዩ ከየአቅጣጫው በጥልቀት ከታየ በኋላ ተወሰነ፦ ሥጋቱ ተጠንቶ እስኪያልቅ አራሷ ከነልጇ ድንኳንና ቃሬዛ ወደሚቀመጥበት የቅሬው መጋዘን ትዛወር። መጋዘኑ ከጣሪያ እስከ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ወረቀት የሚባል አደጋ በአጠገቡ አላለፈም። አብዱልሐሊም ዋጥ አደረገው። ቅሬን እምቢ ያለ ሰው ሬሳውን ብቻውን ይሸከማል።

የአደጋውን ቤት ባዶ መተው ደግሞ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ስለሚሆን፣ ሽማግሎቹ ራሳቸውን ለመሥዋዕትነት አቀረቡ። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ኮርኒሱን በጀርባቸው ተንጋለው ይጠብቁ ጀመር። ሸህ ኢስሐቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይቀር ይጠብቃሉ።

አብዱልሐሊም በመጋዘኑ የሕፃኑን ገላ በእርጥብ ጨርቅ ሲያብስ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን አላስችል ቢለው ወደ ቤቱ መጣ።

«ጋሼ፣ የነደደ ነገር አለ?»

«የለም። እሱ ነው የሚያሠጋን።»

«አይጥስ ታየች?»

«አልታየችም። አድብታ ይሆናል።»

«እንግዲያ ናጅዋን ልመልሳት? ልጁ ዛሬም አልጠባም።»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ጋሽ ዘረሰናይ ፍራሹ ላይ ተመቻቹና ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ።

«ትዕግሥት አድርግ ልጄ» አሉ በአባት አንጀት፤ «ትናንት ደግሞ ሌላ ሥጋት አግኝተንበታል። ይህ ቤት ለአራስ ይበርዳል።»