ጋሼ ማኅተም እና ሰማያዊው ክር

ሕንፃ ሲሠራ ከሲሚንቶው ጋር አንድ ጠርጣራ አብሮ ይቦካል መሰለኝ፤ ያለ እሱ የቆመ ሕንፃ አላየሁም። የእኛው ክቡር ጋሼ ማኅተም ይባላሉ። ፊት ለፊት አንተ እንባባላለን፤ በጽሑፍ ግን ክብራቸው ይጠበቅ።

ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው፣ የማንንም ፖስታ ወደ ብርሃን አንስተው ሳያዩ ጡረታ ወጡ። ባለቤቴ ገና እጮኛዬ ሳለች የጻፈችልኝ ሁሉ ያለፈው በእኚህ ሰው እጅ ነው። ያኔ ሰው ምስጢሩን በምላሱ አርጥቦ ያሽግ ነበር፤ የሚገርመው፣ ያ ይበቃ ነበር።

«ደብዳቤ የሚከፍተው የተጻፈለት ሰው ነው!» ይላሉ እስከ ዛሬ።

ዛሬ ሰው ደብዳቤ አይጽፍምና ጋሼ ማኅተም ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነው በየደጁ ይዞራሉ። ብራውዘር ይቀይራሉ፣ ማስታወቂያ ያግዳሉ፣ ሰው በኢንተርኔት የሚሄድበትን ሁሉ እየተከተለ የሚመዘግበውን ሰላይ ከነሥሩ ይነቅላሉ። ሲጨርሱ የኮምፒውተሩ ካሜራ ላይ ያረጀ ቴምብር ይለጥፋሉ።

«ይሄ መተግበሪያ የእጅ ባትሪ ነው አይደል?» አሏት አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋን፣ ስልኳን ተቀብለው። «ታዲያ የት እንዳለሽ ማወቅ ምን ያደርግለታል?»

«እንጃ ጋሼ፤ ጨለማው የት እንዳለ እንዲያውቅ ይሆናላ።»

«ጨለማውማ ራሱ ነው!»

ለጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ማገጃውን እስከ ጥግ አጠበቁለትና የቀጠሮ መዝገቡ ነጭ ወረቀት ሆነ። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አይታየኝም!» ቢላቸው፣ «አንተ ካላየህ እነሱም አያዩህም!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉንጩ ያበጠ ሁሉ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ዋለ።

እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሸሸኋቸው። የደረጃውን ኮቴ ሰምቼ መብራት አጠፋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሬ ከኤሊ ብሶ ሲንፏቀቅ እጄን ሰጠሁ።

መነጽራቸውን አድርገው ከፈቱት። ገጹ ከዳር እስከ ዳር የሹራብ ክር ነው። «የመረጡት ሰማያዊ ክር አሁንም እየጠበቀዎት ነው!» ይላል።

«ምነው ወንድሜ፣ በስተርጅና ሹራብ ጀመርክ እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም።»

ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ አዩት። ባለቤቴ ለሁለተኛው እጅጌ ክር አጥሯት በዚሁ ኮምፒውተር ስትፈልግ ነበር፤ ሳትገዛው አረፈች።

«ልጥረገው?» አሉ ዝቅ ብለው። ጣታቸው ተዘጋጅቷል።

«ተው እባክህ። እዚህ ዓለም ላይ መርዶ ያልደረሰው እሱ ብቻ ነው።»

ዕድሜዬን በሙሉ ስለ ነፍስ መኖር አለመኖር ሳነብና ስከራከር ኖሬ፣ መጨረሻ ላይ የክር ነጋዴ ሰላይ አጽናኜ ሆኖ መቅረቱ እኔንም ያሳፍረኛል። የጋሼ ማኅተምን ስብከት ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ።

«ለሞተ ሰው የመጣ ደብዳቤ ምን ታደርጉት ነበር?» አልኳቸው።

«ደንቡ ለላኪው ይመለስ ይላል።»

«አንተስ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ አቆየው ነበር። ቤተሰብ ይመጣል።»

ከዚያ አዲስ ብራውዘር ጫኑልኝ፤ ማገጃው የጠበቀ፣ ፀጥ ያለ፣ ንጹሕ። አሮጌውን ግን ሳይነኩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለብቻው አስቀመጡት።

«ባንክህንም፣ ደብዳቤህንም፣ የሐኪም ቀጠሮህንም በአዲሱ። በአሮጌው አንዲት ፊደል እንዳትጽፍ፣ ሰማህ? ክሩን ብቻ እይ።»

ቴምብራቸውን ልሰው ካሜራዬ ላይ ለጠፉና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ልማዳቸው አልቀረም፤ ጣታቸውን ቀስረው ዘወር አሉ።

«ደብዳቤ የሚከፍተው የተጻፈለት ሰው ነው!»

ሹራቡን ደግመው አዩት። ጣታቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ወይም ባሏ» አሉ።