አራት ምሰሶ ያቆምንበት እሑድ

ስብሰባ ላይ ብዙ የሚናገር ሰው ሥራ አያውቅም ትላላችሁ። ልክ ሳትሆኑ አትቀሩም። ዝም የሚለውን ግን ያውቃል ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ። ይኼኛው የባሰ ስሕተት ነው፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ነጌሌ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው የሦስት ልጆች እናት፣ ጎረቤታችን አዴ ሎኮ፣ የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት በዝናብ ተናደባቸው። ቀበሌው ባዶ ቤት የለኝም፣ ቦታ ግን እሰጣለሁ አለ፤ እስከ ሰኞ ቤት ካልቆመበት ለሌላ ያልፋል። ያ ከሆነ ልጆቹ አንዱ ወደራ፣ አንዱ ሜጋ፣ አንዱ እንጃ፣ በየዘመዱ ሊበተኑ ነው። ለእሳቸው የቀራቸው የሱቅ በረንዳ ነበር።

በስብሰባው ስለ መርዳት ብዙ ተወራ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ሰለቸኝና አወጣሁ። "እሑድ እንሥራው" ብዬ ተቀመጥኩ። ወዲያው አለቃ አደረጉኝ። ቤት ሠርቼ አውቅ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ ከአጥር በቀር ሠርቼ እንደማላውቅ እኔም አልተናገርኩ።

እሑድ ሃያ ወንዶች ተሰበሰብን፤ አብዛኞቹ ቦረናዎች ናቸው። ቦረና ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ወንዱ ከብቱን እንጂ ምሰሶውን አያውቅም። ይህን እዚያው ተወልጄ ሳየው ኖሬአለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? አብረውን የመጡትን ሴቶች ለጭቃው የሚሆን ውሃ እንዲያመጡ ላክኋቸው።

እኩለ ቀን ላይ አራት ምሰሶ አቁመናል፤ ሁለቱ ተጣመዋል። ሰማዩ ጠቁሯል። አዴ ሎኮ ውሃቸውን አውርደው ምሰሶዎቹን ዞረው አዩ።

"ኦቦ ታደሰ፣ ይሄ ለማን ነው?"

"ለእርስዎ ነው፣ አዴ።"

"ፍየል እንኳ ከዚህ የተሻለ ትፈልጋለች። በሉ እንጨቱን አቀብሉን።"

ሴቶቹ ምሰሶዎቻችንን ትተው ቀጫጭኑን እንጨት ዙሪያውን በክብ ተከሉ፣ ጎንበስ አድርገው አሰሩት፣ በሣር አለበሱት። እየሠሩ በኦሮምኛ ይሳሳቁ ነበር። በማን እንደሚስቁ ስለገባኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ሣር አቀበልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ክቡን ቤት አየ፣ ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ስለ ክብ ቤት የሚለው የለም። አዴ ሎኮ ትንሹን ልጅ ያዝ አደረጉ። ይኼኔ ዝናቡ ወረደ። ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ እኛም ተከትለን ታጨቅን። ቀና ብሎ ጠብታ ጠበቀ። አልመጣችም።

"የኔ ቤት ያፈሳል" አለና ፈረመ።

ልጆቹ የትም አልሄዱም። እፎይ አልኩ። ወረቀቱ ላይ "ሥራውን የመራው" በሚለው መስመር ግን የእኔ ስም ተጽፏል። እንዲታረም ልጠይቅ አፌን ስከፍት አዴ ሎኮ ቀደሙኝ።

"ተዉት፣ ኦቦ። ስሙ የእርስዎ ይሁን፤ ቤቱ የኔ ነው።"

ስምና ቤት እንዲህ በቀና ልብ ከሚያካፍል ሰው ጋር ምን ክርክር ያስፈልጋል?