ለድንጋይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ልኩ

ሱቅ ሄዶ አዲስ ድንጋይ ከመግዛት ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ የማይገባውን ድንጋይ ማስገባት የሚመርጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እኛ ሰፈር የለም የሚል ካለ ሰፈሩን በደንብ አላየውም። የሪሞት፣ የሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ነው የምለው፤ ያ ትልቁ፣ መካከለኛው፣ ትንሹና ቀጭኑ እየተባለ የሚሸጠው። እናንተ ጋ ሰውየው አጎት ይሆናል፣ ወይ ጡረታ የወጣ ጎረቤት። እኛ ቤት የአክስቴ ባል ናቸው፤ ክቡርነታቸው ጋሽ ልኩ። ይሄን ካነበቡ እኔ አልጻፍኩትም።

ልኩ ስማቸው አይደለም። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፣ ሲታጠቡም የሚያወልቁት አይመስለኝም። ደንበኛ ኮቱ ሰፋኝ ቢል፣ ሱሪው አጠረኝ ቢል መልሳቸው አንድ ነው፤ "ልኩ ይበጅለታል።" ይቺን ቃል ከኮት ወደ ድንጋይ ይዘዋት የተሻገሩት መቼ እንደሆነ አክስቴም አታስታውስም። ብቻ አንድ ቀን ሪሞቱ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ፈለገ፣ ቤት ውስጥ የተገኘው ደግሞ ቀጭኑ ነበር። ቀጭኑን አዩት፣ ሪሞቱን አዩት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልለውበት በክር አስረው ወገቡን አወፈሩት። ቁመቱ ለጎደለውም ከማስቲካ ላይ የተላጠ ብርማ ወረቀት አጣጥፈው ወሸቁ። ቴሌቪዥኑ በራ። ምነው ባልበራ ኖሮ።

ከዛ ወዲህ እኛ ቤት ራቁቱን ያለ ድንጋይ የለም። ቀጭኑ ሱፍ ለብሷል፣ መካከለኛው ገበርዲን። የግድግዳው ሰዓት የሚፈልገው ትንሹን ነው፤ እሳቸው እጅ የነበረው ትልቁ ነው። ትልቁ ከነጭራሹ ስለማይገባ ከሰዓቱ ስር ኪስ ሰፍተውለት በሁለት ሽቦ አገናኙት። ኪሱ ክዳን አለው። ክዳኑም ቁልፍ አለው። እንግዳ ሲመጣ ይሄ ምንድነው ይላል፤ እኛ አንገታችንን እንደፋለን፣ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ማስረዳት ይጀምራሉ።

የሚያናድደው እኮ ትክክል መሆናቸው ነው። "ትልቁም ትንሹም ቮልቱ አንድ ነው" ይላሉ ጣታቸውን አንስተው፤ "ልዩነቱ ሆዱ ነው። ሆደ ሰፊው ይቆያል፣ ሆደ ጠባቡ ቶሎ ይርበዋል። እንደ ሰው በይው።" ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤት አለን፤ ያሳፍርልናል ብለን ጠየቅነው። እውነታቸውን ነው ብሎን አረፈው። ከዛን ቀን ጀምሮ ቤቱ አላስቀምጥ አለን።

እሺ ቮልቱ አንድ ይሁን። ግን ሪሞቱ ካልነቀነቁት አይሠራም። የእጅ ባትሪው ካልዘቀዘቁት አይበራም፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር የምናየው የገዛ እግራችንን ነው። አሮጌና አዲስ ድንጋይ ማደባለቅም ይወዳሉ፣ አዲሱ አሮጌውን ይደግፈዋል እያሉ። አይደግፈውም። ተያይዘው ነው የሚወድቁት። የእናቴን ሬዲዮ ድንጋዩ ፈሶበት ውስጡን በልቶት ሲገኝ ሬዲዮው ድሮም ደካማ ነበር ተባለ።

ከሱቃቸው ጎን ያለው ፀጉር ቆራጭ ግን የከፋውን አይቷል። መብራት ሲጠፋ የሚጠቀምባት፣ በድንጋይ የምትሠራ ማሽን ነበረችው። አንድ ቀን ድንጋይ ልግዛ ብሎ ሲወጣ በሩ ላይ ጋሽ ልኩ ያዙት። ማሽኗ ሱፍ የለበሱ ሁለት ቀጫጭኖች ጎርሳ አንድ የባንክ ሠራተኛ ጭንቅላት ላይ ወጣች። የቀኙን ጎን እንደ ጉድ ላጨችው። ግራው ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ሰውየው ግማሹ መላጣ፣ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ መብራት ይመጣል ብሎ ሁለት ሰዓት ቁጭ አለ፤ ጋሽ ልኩም ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ስለ ሆድ ስፋት አስረዱት። መብራቱ አልመጣም። ኮፍያ ሰፍተው ሸኙት።

እዚህ ድረስ ያለው ሳቅ ነው። የመስሚያዋ ነገር ግን አላሳቀንም።

አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል። ከጆሮዋ ኋላ የምትሰካት ባቄላ የምታክል መስሚያ አለቻት፤ የመስሚያዋ ድንጋይ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች፣ የምትሸጠውም ከተማው ማዶ አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ያለሷ አክስቴ አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ ምንም አትሰማም። ልጃቸው ደግሞ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው፤ ተመራቂዎቹን ወክላ ንግግር የምታደርገውም እሷ ናት። ወር ሙሉ በር ዘግታ ተለማመደች። እናቷ አንዴ አሰሚኝ ብላ ብትለምናት፣ አዳራሽ ውስጥ ነው የምትሰሚኝ እማዬ ብላ እምቢ አለች። አክስቴ ቅዳሜን በጣቷ ስትቆጥር ነው የከረመችው።

አርብ ጠዋት መስሚያዋ ቀጥ አለች። ጋሽ ልኩ ድንጋይዋን እንዲገዙ ተላኩ። ከሰዓት ባዶ እጃቸውን መጡ። ሱቁ ዝግ ነው ወይ አልናቸው፤ አልደረሱም። ግማሽ መንገድ ላይ አሰቡበትና ከአውቶቡስ ወረዱ። ቤት ሙሉ ድንጋይ እያለ ለአንዲት ቁልፍ ከተማ አላካልልም፣ ቮልቱ እንደሆነ ያው ነው አሉ። ሱቁ ደግሞ በዚህ ሰዓት ዘግቷል፣ እስከ ሰኞም አይከፈትም።

የተባለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ለአክስቴ አሳየኋት። አልጮኸችም።

"አንተ ሰው፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ነገ ልጄን ካልሰማሁ አንተንም ዳግመኛ አልሰማህም።"

መስሚያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ጋሽ ልኩ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ነገር ብዙ አዩዋት። ልኩ ይበጅለታል አላሉም።

ጠዋት ስነሳ ጨርሰዋል። ሁለት የኮት ብረት ቁልፎች በሞረድ አሳስተው፣ መሃላቸው ጨርቅ ጣል አድርገው፣ ያቺን ድንጋይ የምታክል ነገር አበጅተው መስሚያዋ ውስጥ ከተዋል። ከሷ የወጡ ሁለት ክር የመሰሉ ሽቦዎች በአክስቴ ሻርፕ ጠርዝ ውስጥ በእጅ ተሰፍተው ወርደው ኪሷ ውስጥ ካለ ትንሹ ድንጋይ ጋር ይገናኛሉ። ስፌቱ አይታይም። እውነት ለመናገር እንደዛ ያማረ ስፌት አይቼ አላውቅም። አክስቴ አጠለቀቻት፣ ትንሽ አዳመጠች፣ ያፏጫል ግን ይሰማል አለችኝ። ለኔ ነው ያለችው።

አዳራሹ ደረጃ ላይ ስንደርስ ድምፁ ጠፋ። ከጆሮዋ ኋላ ሽቦው ላልቷል። ጋሽ ልኩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ቆንጠጥ ሲያደርጉት ድምፁ መጣ፤ ሲለቁት ሄደ። በቃ፣ እንደያዙ ተቀመጡ። መድረክ ላይ አንዱ ትልቅ ሰው ይወርዳል፣ ሌላው ትልቅ ሰው ይወጣል፣ ሁሉም አላረዝምም እያለ ያረዝማል። አንድ ሰዓት አለፈ። ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው መደገፍ ሲጀምሩ እኔ ልያዝልዎት አልኳቸው።

"ተዪ፣" አሉኝ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው፤ "ልኩን የማውቀው እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ወጥታ ተናገረች። ስትጨርስ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ከኛ ረድፍ የተቀመጡት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ከኋላችን አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ ስትል ሰማኋት፤ ለገዛ ልጁ እጁን የማያነሳ ምን አይነት አባት ነው አለች። እጃቸው ከተነሳ ሰዓት አልፎት ነበር።

ውጭ ልጅቷ ጋዋኗን እየጎተተች ሮጣ መጣችና እናቷን ያዘቻት። ሰማሽኝ ወይ አለቻት። አክስቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት አለቀሰች። ከዛ፣ "ስለኛ ያልሽው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ" አለቻት።

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ከመድረክ ላይ አይታቸው ኖሯል።

"አባዬስ? አላጨበጨብክልኝም።"

ጋሽ ልኩ ነጻ የሆነውን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"እኔማ ምን ሰማሁ ልጄ" አሉ። "ገና ስትጀምሪ ሽቦው ተንሸራተተብኝ። ከዛ በኋላ ሐሳቤ እሱ ላይ ነበር። አንድም ቃል አልያዝኩም።"

ታክሲ ያዝን፤ ልጅቷ ፊት፣ እኛ ሦስታችን ኋላ። ጋሽ ልኩ ሽቦውን ለቀው ጣታቸውን እያሻሹ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። አክስቴ እጃቸውን ጎትታ ከጆሮዋ ኋላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዛ የልጇን ንግግር ከ"ክቡራን እንግዶች" ጀምራ ትነግራቸው ገባች። እሳቸው "እህ፣ ከዛስ?" ይላሉ፤ እሷ ትቀጥላለች። ስለ አባቷ የተባለው ጋ ስትደርስ ሦስት አራት ቃል ከራሷ ጨመረች። ልጅቷ ከፊት ሆና ሰማቻት፣ አላረመቻትም።

ሹፌሩ በራችን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ንግግሩ ገና እኩሌታው ላይ ነበር።