በባለቤቴ ስም የመጣው ፖስታ

ዛሬ ሞርስ ሮድ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ ሳምንት ሙሉ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ። እኔም ጀምሬአለሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀኖቹ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ መኪና ቀስ ብለው ያልፉኛል። የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራኝ እንድትኖር።

የቪዛ ፕሮሰሷ ግን ቆመ።

ማን አቆመው? ሪፐብሊካኖቹ ናቸው ብዬ ወሰንኩ! እኔ በምኖርበት በዌስተርቪል፣ ቤቴ ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ሳራቸው ላይ የእነሱን የምርጫ ምልክት ተክለዋል። አራት ወር ሰላምታ ነሳኋቸው።

ዛሬ ሞርስ ሮድ፣ ፎርም የሚሞሉልን ጋሽ ደምሴ ቢሮ፣ ፖስታ የሞላ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ሄጄ ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ የትራክ ሾፌር ብድግ አለ።

«ተሳስተዋል እትዬ! ያበላሹት ዴሞክራቶቹ ናቸው!»

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኔ፣ ለቅሶ ላይ እንኳ ድምፄ የማይሰማ ሴትዮ፣ ጠረጴዛ መታሁ!

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደብዳቤ አልመጣልሽም?»

«ምንም!»

«ፌስታሉ ውስጥ ያለውስ?»

«እሱ የባለቤቴ ነው። ስሙን ሳይ እጄ አይታዘዘኝም። ሁሉንም እንደታሸገ አስቀምጫለሁ።»

ጋሽ ደምሴ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ፍቀጂልኝ» አሉና አንዱን ከፈቱ። «ፎርሙን የሞላው እሱ ነበር፤ ደብዳቤ በእኔ በኩል ይምጣ ብሎ ስሙን ካንቺ ስም ሥር ጽፏል። ኢሚግሬሽኖቹ እናትሽ መሆኗን የሚያሳይ የልደት ማስረጃሽን ላኪ ነው የሚሉሽ፣ ልጄ። ዘጠኝ ቀን ቀርቶሻል።»

ለካ የእናቴን መንገድ የዘጋው ፓርቲ አባሉ አንድ ሰው ነው። እኔ!

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እትዬ፣ የእርስዎን ፓርቲ ማን ይመርጣል እንግዲህ?»

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ከሰባት ወር በኋላ። ከዚያም አለቀስኩ፣ ሁሉም ሶፍት አቀበሉኝ፣ ሁለቱም ወገን!

ቤት ሮጬ ሄድኩና ማስረጃዬን ባለቤቴ ፋይል ውስጥ አስቀምጦልኝ አገኘሁት። ላዩ ላይ በእጁ ጽሑፍ «እንዳይጠፋ» ይላል። ጽሑፉን ብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ዛሬውኑ ላክሁ።

ሊመሽ ሲል ከፖስታ ቤት ስመለስ ሽማግሌው የእኔን ደጅ ቅጠል እየጠረጉ ነበር። የእኔን! ስንት ጊዜ ጠርገውት ይሆን? እኔ ነፋሱ የወሰደው ይመስለኝ ነበር።

እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው።

ማንን ሰላም እንዳልኩ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።

እስቲ እንግሊዝኛ የምትችሉ ንገሩኝ፤ «አራት ወር ተኳርፈን ነበር፣ እርስዎ ግን አላወቁም፤ ይቅርታ» እንዴት ተብሎ ይጀመራል?