ባዶ ስክሪን በመርካቶ

እናንተዬ፣ ንጹህ ስክሪን የሚያስደነግጠው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም መርካቶ!

ጋሼ ሸምሱ ጭድ ተራ አካባቢ ብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው። በሱቃቸው ኮምፒውተሮች ላይ የኢሜይል ፕሮግራም የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ሲጫን፣ አይኮን የሚባሉ ትንንሽ ሥዕሎች ማንም ሳይጠራቸው ስክሪኑን ይወሩታል። እኔ ደግሞ ዝርክርክ ነገር አልወድም! አጫጫኑን አስተካክዬ አንድም ሥዕል እንዳይታይ አደረግኩ። ወይ ውበት! ስክሪኑ እንደ መስታወት ጠራ።

ጋሼ ሸምሱ ከሶላት ሲመለሱ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«አንተ! ዕቃው የት ሄደ?»

«አለ ጋሼ፤ ደበቅኩት እንጂ።»

«መርካቶ ውስጥ ዕቃ ይደበቃል እንዴ? ይሄ ስክሪን እኮ ወደ ደንበኛ የዞረ ነው! ባዶ መደርደሪያ ያየ ሰው ምን ይላል?»

የሚለውንማ ወዲያው ሰማን። የጎረቤት ባለሱቋ እትዬ ዘሃራ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ባዶውን ስክሪን አዩ።

«ሱቁን ሊለቁ ነው መሰል። አደራ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ!»

ይታያችሁ! ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተከምሮ! በድንጋጤ አይኮኖቹን አንድ ሳላስቀር መለስኩ። እትዬ ዘሃራ ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ውይ፣ ዕቃ ገብቶላቸዋል ለካ» ብለው ወጡ።