ጉርድ ፎቶ ከነእጁ

[ጠባብ የልብስ ስፌት ክፍል። በአንድ በኩል ወደ ጎዳና የሚያወጣ በር፣ በሌላው በኩል መስኮት፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፎቶዎች ተዘርግተዋል። ፎቶዎቹ የሰፊዋ ልጅ ናቸው፤ ልጅቷ ተዋናይ መሆን ትፈልጋለች፣ አሁን ቁልፍ ልትገዛ ሱቅ ወጥታለች። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ የተቀመጠው የሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነው። ቴአትር ቤት መጋረጃ ሲጎትት ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከሥራው የተረፈው ገመድ ያጣመመው የቀኝ አውራ ጣትና ስለ ሁሉ ነገር የማወቅ ልማድ ነው። ከገባ ጀምሮ ሲናገር፣ እህቱ የጀመረችውን ነገር አንዴም አላስጨረሳትም።]

ወንድም ጋሼ፦ አልኩሽ እኮ። የጎኗ ነው።

ሰፊዋ፦ የጎኗ አይሆንም።

ወንድም ጋሼ፦ ለምን አይሆንም?

ሰፊዋ፦ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ደንበኛ በበሩ ሲገባ ጀርባዋን ልትሰጠው ነው። ነውር ነው።

ወንድም ጋሼ፦ ደንበኛ አይባልም። ተመልካች ነው የሚባለው።

ሰፊዋ፦ ተመልካችም ቢሆን እንግዳ ነው። ለእንግዳ ጀርባ አይሰጥም።

ወንድም ጋሼ፦ ስሚኝ፣ እህት ዓለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተዋናይ ያየሁት ከየት ሆኜ ነው? ከመጋረጃው ጥግ፣ ከገመዱ አጠገብ። ትልቅ የሚባለውን ሁሉ የማውቀው በጎኑ ነው። ከፊት ለፊት የሚያያቸው ማነው? ሕዝብ ነው። ሕዝብ ምን ያውቃል?

ሰፊዋ፦ ፊታቸውን ያውቃል።

ወንድም ጋሼ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] የተዋናይ ችሎታ ያለው አፍንጫው ላይ ነው። አፍንጫ ደግሞ ከፊት ሲታይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሰፊዋ፦ እኔ እኮ ትናንትና...

ወንድም ጋሼ፦ ቆይ፣ አታቋርጪኝ። ምዝገባው ዛሬ ቢሮ ሲዘጋ ያበቃል። ቴአትር ቤቱ ዳግመኛ አዲስ ሰው መቼ እንደሚቀበል የሚያውቅ የለም። መራጮቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፎቶዋን ነው። ፎቶዋ ዓይናቸውን ካልያዘው ለፈተና አይጠሯትም። ካልጠሯት እዚሁ ካንቺ ጋር ቁልፍ ስትተክል ፀጉሯ ይሸብታል። ገባሽ?

ሰፊዋ፦ ቁልፍም ቢሆን አጣማ ነው የምትተክለው። እየተከለች ከራሷ ጋር ታወራለች። አንዴ እንደ ዳኛ፣ አንዴ እንደ ተከሳሽ። ባለፈው ተከሳሹ ሲያለቅስ የሰው ሸሚዝ አረጠበችብኝ።

ወንድም ጋሼ፦ ይኸው። ከእኔ የወረሰችው ነው።

ሰፊዋ፦ አንተ አልቅሰህ ታውቃለህ?

ወንድም ጋሼ፦ በልቤ። መጋረጃ የያዘ ሰው እንባውን በምን ይጠርጋል?

[ሰፊዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አውርዳ የትልቁን ፎቶ ቁመት መለካት ጀመረች። ወንድም ጋሼ ሜትሩን አየው፣ እሷን አያት፣ ተነፈሰ።]

ወንድም ጋሼ፦ ምን እያደረግሽ ነው?

ሰፊዋ፦ ልኳን እያየሁ። ከሦስቱ ይህቺ ትልቋ ትሻላለች። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ትሸፍነዋለች።

ወንድም ጋሼ፦ [ፊቱ ፈካ ብሎ] አየሽ፣ አንዳንዴ ደግሞ ይገባሻል። ለፎቶ አንሺው የነገርኩት እኔ ነኝ። «ይህን የጥርሷን ፍንጭት በኮምፒውተር ድፈንልኝ» አልኩት። ደፈነው። ይኸው ጥርሷን እንደ አጥር ደርድሮታል።

ሰፊዋ፦ ፍንጭቷን ደፈናችሁት?

ወንድም ጋሼ፦ ስንጥቁን ትሸፍነዋለች ብለሽ የወደድሽው አንቺ አይደለሽ?

ሰፊዋ፦ እኔ ያልኩት ስንጥቅ...

ወንድም ጋሼ፦ ቆይ። ጉንጯ ላይ ያለውን ጠባሳም አጠፋው። አፍንጫዋንም ትንሽ ቀጠን አደረገው።

ሰፊዋ፦ [ፎቶውን ወደ መስኮቱ አቅርባ] ለካ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ የማን ልጅ ናት እያልኩ ነበር። ፎቶ ቤቱ ለማስታወቂያ የሚሰቅላት ልጅ መስላኝ፣ በስሕተት አብራ የመጣች።

ወንድም ጋሼ፦ ፎቶ ሰውን ካልቀየረ ለምን ይነሡታል? መስታወት አለ አይደል?

ሰፊዋ፦ እሱስ ልክ ነህ።

ወንድም ጋሼ፦ እሺ ይህቺኛዋን ተመልከቻት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋለች። ይህ ማሰብ ይባላል።

ሰፊዋ፦ ጥርሷን ያመማት ትመስላለች።

ወንድም ጋሼ፦ የሚያስብ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ሰፊዋ፦ ይሁን። ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ነው የምትመታት። አንድ በጋ ሳትቆይ ትገረጣለች።

ወንድም ጋሼ፦ መድረክ ላይ ፀሐይ የለም። መብራት ነው ያለው።

ሰፊዋ፦ መብራትማ ሥራ ሲበዛብኝ ብቻ ነው የማበራው።

ወንድም ጋሼ፦ [ወደ ጣሪያው እያየ] ከአንድ ማህፀን ወጣን ብዬ ለማን ልናገር።

ሰፊዋ፦ ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ትናንትና ጠዋት...

ወንድም ጋሼ፦ ትናንትና አለፈ። እኔ ሰዓት አውቃለሁ። መጋረጃ መቼ እንደሚዘጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን የመዝጊያው ሰዓት ነው። በቃ፣ የጎኗ። ፖስታ ስጪኝ።

ሰፊዋ፦ እኔ አሁንም ትልቋን ነው የምለው። የፈለግኸውን ምረጥ፤ ብቻ ከመሄድህ በፊት ሚስማሩን አጥብቅልኝ። ላልቷል።

ወንድም ጋሼ፦ የምን ሚስማር?

ሰፊዋ፦ የግድግዳው።

ወንድም ጋሼ፦ ፎቶና ሚስማር ምን አገናኛቸው?

ሰፊዋ፦ ታዲያ በምን ልሰቅላት ነው? በመርፌ?

ወንድም ጋሼ፦ ለምንድን ነው የምትሰቅያት? ቴአትር ቤት ልወስዳት ነው እንጂ።

ሰፊዋ፦ ቴአትር ቤት ምን ትሠራለች? እኔ ለግድግዳው የምንመርጥ መስሎኝ ነው ይህን ሁሉ የምለካው። ስንጥቁን ዞር ብለህ እየው።

[ወንድም ጋሼ ዞረ። ከጣሪያው የተነሣ ስንጥቅ ግድግዳውን እንደ ወንዝ አቋርጦ ወርዷል። መካከሉ ላይ ባዶ ሚስማር ተንጠልጥሏል። እዚያ ሚስማር ላይ የእሱ የጡረታ ሽኝት ፎቶ ነበር፤ እሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የእህቱ ልጅ አጠገቡ በሳቅ ፈንድታ፣ ቀኝ እጁ ትከሻዋ ላይ አርፎ።]

ወንድም ጋሼ፦ ፎቶዬስ?

ሰፊዋ፦ ጎረድኩት።

ወንድም ጋሼ፦ ምን አደረግሽው?

ሰፊዋ፦ የቴአትር ቤቱ ማስታወቂያ «አንድ ጉርድ ፎቶ» ይላል። መጀመሪያ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ የምትነሣ መስሎኝ አንዱን ልሰፋላት ነበር። ልጅቷ አይደለም አለችኝ። የተጎረደ ፎቶ ከሆነማ መቀስ አለኝ ብዬ ጎረድኩት። ትናንትና ጠዋት ወስጄ ሰጠሁ። ከገባህ ጀምሮ ልነግርህ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ወንድም ጋሼ፦ ጉርድ ፎቶ ማለት ከደረት በላይ የተነሣ ማለት ነው።

ሰፊዋ፦ እኔም ከደረቷ በላይ ነው የጎረድኩት።

ወንድም ጋሼ፦ አፏን ከፍታ? ፍንጭቷ እየታየ?

ሰፊዋ፦ ምን ላድርግ። እሷን የሚመስል ሌላ ፎቶ የላትም።

ወንድም ጋሼ፦ እኔስ የት ነኝ?

ሰፊዋ፦ አንተ መሳቢያ ውስጥ ነህ፣ ከክሩ ጋር። እጅህን ግን ከትከሻዋ መለየት አልቻልኩም። እሱን ልቁረጥ ብል ትከሻዋ አብሮ ሊሄድ ነው። ተውኩት።

ወንድም ጋሼ፦ እጄ ቴአትር ቤት ሄዷል?

ሰፊዋ፦ ከነአውራ ጣቱ።

ወንድም ጋሼ፦ [ቁጭ ብሎ] ገደልሻት። ልጅቷን በገዛ መቀስሽ ገደልሻት። የሰው እጅ የተንጠለጠለባት ልጅ ማን ይጠራል? እዚሁ ትቀራለች። እንዳንቺ።

[ሰፊዋ የስፌት መኪናውን ወንበር አየችው፤ የራሷ ቅርጽ የወጣበትን። ስልኳ ጮኸ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አነሣችው።]

ሰፊዋ፦ አቤት። ... አዎ፣ እናቷ ነኝ። ... አዎ፣ የራሷ ነው፣ ከአባቷ ነው የወረሰችው። ... ሐሙስ ጠዋት፣ እሺ። ... እሱ? እሱ የወንድሜ ነው። ... አዎ፣ እሱው። ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

[ስልኩን አስቀመጠች። ሦስቱን ፎቶዎች ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለች። ወንድም ጋሼ ጠበቀ፤ መጠበቅ ግን አልለመደበትም።]

ወንድም ጋሼ፦ ምን አሉ?

ሰፊዋ፦ ሐሙስ ለፈተና ትምጣ አሉ።

ወንድም ጋሼ፦ በዚያ ፎቶ?

ሰፊዋ፦ እስካሁን ከመጣው ሁሉ ሕያው ሰው የምትመስለው እሷ ናት አሉ። ሌሎቹ ወይ ጥርሳቸው የተደፈነ ነው፣ ወይ በጎን ናቸው። ፍንጭቷ የራሷ መሆኑን ብቻ ነው የጠየቁኝ።

ወንድም ጋሼ፦ «የወንድሜ ነው» ስትይ ሰማሁ። ምኑ ነው የእኔ?

ሰፊዋ፦ እጁ።

ወንድም ጋሼ፦ [ቀና ብሎ፣ የኮቱን ክፈፍ እየጎተተ] አወቁት?

ሰፊዋ፦ ወዲያው። በአውራ ጣቱ።

ወንድም ጋሼ፦ የመድረክ ሰው እጅ የትም አይጠፋም። ምን አሉ ታዲያ?

ሰፊዋ፦ «ተዋናዩ ንግግሩን ሳይጨርስ መጋረጃ የሚዘጋብን ሰውዬ ነው?» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፦ እንዴ፣ እኔ እኮ መጋረጃ መቼ እንደሚ...

ሰፊዋ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። «ልጅቷ ትምጣ፣ እጁ ግን ቤት ይቅር» አሉ።

[ወንድም ጋሼ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሰፊዋ ከመኪናው ሥር መዶሻ አውጥታ አቀበለችው።]

ሰፊዋ፦ በል፣ ሚስማሩን አጥብቅልኝ።

ወንድም ጋሼ፦ በየትኛው እጄ?

ሰፊዋ፦ በተረፈው።