ከነቀምቴም ከሲሬም እኩል የራቀው ቤታችን

ቤት የሚሠራበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ውኃ የቀረበበትን ያዝ ይላችኋል። ሌላው ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበት የማይደርስበትን ፈልግ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የቦታውን ነገር ተውትና ጎረቤቱን እዩ፣ ከተቻለም ሁለት ሦስት ጊዜ አብራችሁት ምሳ ብሉ ይላል። እኔ የምመክራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሀል ላይ አትሥሩ። መሀል ከሩቅ ሲያዩት ለሁሉም የቀረበ ይመስላል። ገብተው ሲኖሩበት ግን ከሁሉም የራቀ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማወቅ እንደ እኔ በሁለት እናቶች መሀል ቤት መሥራት ያስፈልጋል፤ እናንተ ግን በነፃ እየሰማችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ያኔ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ በሹመትም በዘመቻም ሳይሆን በቅሎ እየነገደ ከመንዝ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እርሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ወይዘሮ አስካለ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ቤታችን ሆና፣ ከመንዝ የምታስመጣልኝን ሚስት በሐሳቧ ስታማርጥ ኖረች። እኔ ግን ሲሬ የምታስተምረውን ሌሊሴን አገባሁ። ሌሊሴ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ናት። እናቷ አዴ ዋርቄ ደግሞ ቤታቸው ጠላ ተጠምቆ የማያውቅ፣ መዝሙር ከጀመሩ ወጡ እስኪቀዘቅዝ የማያቆሙ ጥብቅ ሴት ናቸው። በሠርጋችን ቀን ዳሱ ለሁለት ተከፈለ። በእናቴ በኩል ጠላ ተቀዳ፣ በአዴ ዋርቄ በኩል ብርዝ። ሁለቱ ሴቶች ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም፤ ሰላምታውንም የተለዋወጡት ሽማግሌዎቹ መሀላቸው ቆመው ስለለመኗቸው ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ የት ትኖራላችሁ የሚለው ጥያቄ መጣ። እናቴ "አንድ ልጄን ለሲሬ ሰው አላስረክብም" አለች። አዴ ዋርቄ በበኩላቸው "ኢንተለ ኮ፣ ልጄን፣ መንገድ ላይ አታንከራትትብኝ! አልጋው ተነጥፏል፣ ኮቱ፣ ኑ ግቡ!" አሉ። ሥራ የሚለቅ አልነበረም፤ ሁለታችንም ሥራችንን እንወዳለን። ስለዚህ ተራ በተራ ሞከርነው። እናቴ ቤት በገባን በመጀመሪያው ረቡዕ እናቴ ከሌሊሴ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ቅቤ ትነካ እንደሆነ ስትጠብቅ አመሸች። አዴ ዋርቄ ቤት ደግሞ የጠላ ሽታ ይኖርብኝ እንደሆነ ለማወቅ ማታ ማታ በሩ ላይ ሰላም ሲሉኝ ጠጋ ብለው ያሸቱኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ እኔና ሌሊሴ እናቶቻችን ስለተጣሉበት ነገር እርስ በርስ መጣላት ጀመርን። ፈራሁ። ትዳሬ ገና ሳይደርቅ ሊሰነጠቅ ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ሌሊሴ ሒሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ደብተሯን ገለጠችና "ከነቀምቴ ሲሬ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ግማሹ አርባ አምስት ደቂቃ ነው" አለችኝ። አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ላጋ ሆራ የምትባል መንደር አለች፤ አሥራ አንድ ቤት፣ አንድ ወፍጮና አንድ ትልቅ ዋርካ። አንዲት እናት "እግረ መንገዴን ብቅ ልበል" ብላ የማትመጣባት፣ እኛ ግን ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባባት። የአካባቢው ባላባት ቦታ ሰጡን፣ ቤት ሠራን፣ ቆርቆሮ አለበስነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዝም ብለን አዳመጥን። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነጋ። መንገድ ዳር ወጥተን ቆምን።

እዚህ ላይ ስለ አውቶቡስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን አውቶቡስ ሰዓት አያውቅም፤ የሚያውቀው መሙላትን ነው። ነቀምቴ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ወንበሩ ይሞላል፣ መተላለፊያው ይሞላል፣ ጣሪያው በበግና በበርበሬ ጆንያ ይሞላል፣ ከዚያ ይነሳል። የሲሬውም እንዲሁ። ሁለቱም ላጋ ሆራ የሚደርሱት ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ነው። በገበያ ቀን ካልሆነ በቀር ላጋ ሆራ ላይ የሚወርድ ሰው የለም፤ ምን ሊሠራ ይወርዳል? በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ሰው እንዳይቀየመው በሁለቱም ቋንቋ እየጮኸ ያልፋል፤ "ጉቴራ! ሞልቷል!" ሌሊሴ ደብተሯ ላይ ርቀቱን እንጂ ወንበሩን አላሰበችም ነበር። እኔማ ጭራሽ አላሰብኩም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ በእግር፣ አንዳንድ ጊዜ በጭነት መኪና ላይ የቡና ጆንያ ታቅፈን ሄድን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከነጭራሹ ሳንሄድ ቀረን። አለቃዬ ጠራኝና "ደምሴ፣ ሙሽራ ነህ ብዬ ታገሥኩህ። አሁን ግን አንድ ቀን ብትደግም ቤጊ ነው የምልክህ" አለኝ። ቤጊ ማለት ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው። የሌሊሴም ዲሬክተር በቦታዋ ሌላ እንደሚቀጥር ነገራት። ከሁለት አንዳችን ሥራ ካጣን ከሌላው እናት ቤት ጠቅልለን መግባታችን ነው፤ ያንን ኑሮ ደግሞ ቀምሰነዋል።

መዳኛው የታየን በአጋጣሚ ነው። አንድ ጠዋት ከነቀምቴ የመጣ የወፍጮው ባለቤት እንግዳ ወረደና በእርሱ ወንበር ሌሊሴ ሲሬ ሄደች። ማታ ስትመለስ በር ላይ ሳለች "የሚወርድ ሰው ነው የሚያስፈልገን" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት ከነቀምቴ አንድ፣ ከሲሬ አንድ።" ቀን በቀን ላጋ ሆራ ድረስ የሚያመጣው ጉዳይ ያለው ሰው ማን ነው? ተያየን። ሁለታችንም ገብቶናል።

በማግስቱ ለእናቴ "አዴ ዋርቄ ቤታችንን ሊያደራጁልን እየመጡ ነው" ብዬ ላክሁባት። ውሸቴን ነው። ሌሊሴም ለእናቷ "ወይዘሮ አስካለ ዕቃችንን ሊያሰናዱልን ነው" ብላ ላከች። እርሷም ውሸቷን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም አውቶቡሶች ቆሙ። ከአንዱ እናቴ "ማን አዛዥ አደረጋት!" እያለች ወረደች። ከሌላው አዴ ዋርቄ ነጠላቸውን እያጣፉ ወረዱ። እኔ በአማቴ ወንበር ነቀምቴ ሄድኩ፣ ሌሊሴ በአማቷ ወንበር ሲሬ ሄደች። ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሌሊሴ ከወረደችበት ወንበር እናቴ ተቀምጣ ወደ ነቀምቴ፣ እኔ ከወረድኩበት አዴ ዋርቄ ተቀምጠው ወደ ሲሬ። አንዷ ስለመጣች ሌላዋ ልትቀር አልቻለችም። በየቀኑ መጡ። ከአማቴ ጋር በአውቶቡስ ደረጃ ላይ "አካም ቡልተኒ፣ አዴ?" "ፈያ፣ አንተስ?" ተባብለን እንተላለፋለን። አማችና አማት እንደዚያ ተከባብረው የኖሩበት ቤት ካለ ንገሩኝ።

አለቃዬ "ትዳር አረመህ" አለኝ። እኔም አመሰገንኩት።

ቀን ቀን ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን የምንሰማው ከወፍጮው ባለቤት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ እንዝርቷን ይዛ በአንድ ጥግ፣ አዴ ዋርቄ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው በሌላው ጥግ ይውላሉ። እናቴ የዕቃ ሣጥናችንን ወደ ቀኝ ትገፋለች፤ እርሳቸው ወደ ግራ ይመልሱታል። ነገሩ የተለወጠው በአንጮቴ ነው። አዴ ዋርቄ ከሲሬ አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ይዘው መጥተው ነበር፤ እናቴ ሥሩን እያየች "ይሄም ምግብ ሆኖ!" ትላለች። አንድ ዓርብ ቀን አዴ ዋርቄ ቀቀሉት፣ ልጠው ከተፉት፣ ቅቤ ሳይነካው በኑግ ዘይት አሽተው እናቴ ፊት አኖሩት።

"ቅቤ የለውም" አሉ።

"ለምን?" አለች እናቴ።

"ዓርብ አይደለም እንዴ?"

የእርሳቸው ሃይማኖት ጾሙን አያውቀውም። እናቴ ሳህኑን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ጎረሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታ ተጀመረ። የጨዋታው ርዕስ እኛው ነበርን። እናቴ "ልጄ ልብሱን አያጥፍም፤ ከአባቱ የወረሰው ነው" ስትል፣ አዴ ዋርቄ "የእኔይቱ ደግሞ ወጥ ላይ ደብተር ትገልጣለች" ይላሉ። አንዷ በአማርኛ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔና ሌሊሴ ይህን ስንሰማ ደስታችን ወሰን አጣ። ሽማግሌ ያልቻለውን አውቶቡስ ቻለው ብለን ለሰው ሁሉ አወራን።

ክረምቱ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ገባ። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ከአውቶቡስ ወረድኩ፤ አዴ ዋርቄ መንገድ ዳር የሉም። ረዳቱ "አዴ ዛሬ አይሄዱም?" ብሎ ተጣራ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ጠብቀው ሄዱ። ቤት ስገባ ሁለቱ ሴቶች አልጋችን ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

"በዚህ ዝናብ የት ትሄዳለች?" አለች እናቴ። "እኔም አልሄድም።"

ልብ በሉ፣ አደሩ ማለት ጠዋት የሚወርድ የለም ማለት ነው። "ጉቴራ! ሞልቷል!" በማግስቱም አልሄዱም። በሦስተኛው ቀን ሌሊሴና እኔ ተማክረን፣ በተቻለን ትሕትና፣ ማታ ማታ ወደየቤታቸው ቢመለሱ ሥራችንን እንደምናድን አስረዳናቸው። የወንበሩን ሒሳብም ነገርናቸው። መናገር አልነበረብንም።

"ለወንበር ብላችሁ ነው የጠራችሁን?" አለች እናቴ።

አዴ ዋርቄ ወደ እርሷ ዞሩ። "ኢላ አስካለ! እይ! እነዚህ ልጆች ሊያባርሩን ነው!"

"ይሞክሯታ!" አለች እናቴ፣ እጃቸውን ይዛ።

አዴ ዋርቄን ለመለየት እናቴን ማስለቀስ ሊኖርብኝ ነው፤ እናቴን ለማስወጣት ሌሊሴ እናቷን ማስቀየም ሊኖርባት ነው። የቤጊው ደብዳቤ ደግሞ እየተጻፈ ነበር፤ በእኔው መዝገብ ቤት ቁጥር ሊሰጠው ቀርቦ ነበር። ያን ማታ ሌሊሴ ልብሷን ስታጥፍ አየኋት፣ እኔም የራሴን ማጠፍ ጀመርኩ፤ እናቴ ስታጥፍ አይታኝ ተገረመች። እናቴ የነቀምቴውን ቤት ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ጌሾውን ውኃ እንዳጠጣ አዘዘችኝ። አዴ ዋርቄ የሲሬውን ቁልፍ ለሌሊሴ ሰጡ፤ ዶሮዎቹን አደራ አሏት። ሁለቱም ከልባቸው መረቁን።

ሥራችን ተረፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከነቀምቴ፣ እርሷ ከሲሬ እንመጣ ነበር። እናቶቻችን ደግሰው ይጠብቁናል፤ እሑድ ከሰዓት፣ አውቶቡሱ መንገደኛ አጥቶ ሳይሞላ በሚነሳበት ብቸኛ ሰዓት፣ መንገድ ዳር ድረስ ይሸኙን ነበር። ሌሊሴን በየሳምንቱ ስሸኛት ለማንም አላሳየሁም እንጂ አንዳንዴ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ የሠራተኛ አድራሻ ሲመዘግብ ጠራኝ።

"መኖሪያህ የት ነው?"

"እናቴ ቤት።"

"እናትህ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናት። እኔ ቤት ናት ያለችው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ሚስትህስ?"

"እናቷ ቤት።"

"እናቷስ?"

"እኔ ቤት፣ ከእናቴ ጋር።"

መዝገቡን ከደነው። "እና ያንን ቤት ለምን ነበር የሠራኸው?"

"ከሌሊሴ ጋር አብረን እንድንኖር ነዋ!" አልኩት።